ገበያው ነጻ ሲወጣ ዳኛው ማን ነው?

ከገዳሪፍ እስከ ገላባት በተዘረጋው የጥቁር አፈር ሜዳ፥ በቁረይሻም ጭምር፥ ዋናዎቹ የገበያ ሰብሎች ማሽላና ሰሊጥ መሆናቸው ይታወቃል። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ በወቅቱ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። ስለዚህ ገበሬው ለአራሚና ለአጫጅ የሚከፍለው ገንዘብ በአስቸኳይ ያስፈልገዋል። በሱዳን «ሸይል» የሚባለው ልማድ የሚመጣው በዚህን ጊዜ ነው። ነጋዴው አስቀድሞ ያበድራል፤ ገበሬውም በመኸር ቀድሞ በተቈረጠ ዝቅተኛ ዋጋ ምርቱን ያስረክባል። በገበያው መቶ ገዢ ቢሰለፍም ለዚህ ገበሬ ያለው ገዢ አንድ ብቻ ነው።

ለመሆኑ የውድድር ፖሊሲ ምንድን ነው? በአጭሩ ሦስት ተግባሮች አሉት። አንደኛ፥ ነጋዴዎች ተመካክረው ዋጋ እንዳይወስኑ ይከለክላል። ሁለተኛ፥ ገበያውን የያዘ ድርጅት በጉልበቱ ሌላውን እንዳይጎዳ ይቆጣጠራል። ሦስተኛ፥ ድርጅቶች ሲዋሐዱ ውድድር እንዳይጠፋ ይመረምራል።

ይህ ጉዳይ ይበልጥ የሚያስፈልገው ኢኮኖሚ ከመንግሥት እጅ ወደ ገበያ በሚሸጋገርበት ወቅት ነው። በኢትዮጵያ በደርግ ዘመን ገበሬው የኮታ እህሉን በተወሰነ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያስረክብ ነበር። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የእህል ንግዱ ተለቀቀ። ራሱን የቻለ የንግድ ውድድር አዋጅ (ቁጥር 329) የወጣው ግን በ1995 ዓ.ም. ነው። ይህም በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 685፥ ኋላም በ2006 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 813 ተተካ። እንግዲህ ገበያው ከተከፈተ በኋላ ዳኛው እስኪመጣ 13 ዓመት ያህል አልፏል ማለት ነው።

በሱዳንም ከ1969 እስከ 2009 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ጥሬ ሙጫ ወደ ውጭ የመላክ መብት የአንድ ኩባንያ ብቻ ነበር። ለአምራቹ የሚደርሰው ዋጋ ሲያንስ አንዳንዱ ሙጫውን በድንበር አሾለከ፤ አንዳንዱም ዛፉን ቈርጦ አከሰለ።

ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው፥ ሞኖፖልን መሻር የሥራው ግማሽ መሆኑን ነው። ሕግም ብቻውን ሸይልን አያስቀርም። ገበሬው ከነጋዴው ሌላ የሚበደርበት፥ ምርቱን የሚያቆይበት መጋዘንና ዋጋው በግልጽ የሚነገርበት ጨረታ ሊያገኝ ይገባል።

መምህራን ሆይ! ተማሪዎቻችን በአካባቢያቸው ገበያ ገዢዎቹን ብቻ ሳይሆን አበዳሪዎቹንም ቈጥረው እንዲመጡ እናድርግ። የውድድሩ መጠን የሚታወቀው ከሁለተኛው ቁጥር ነውና።