በጣራው ገዳም ያለው ወጣት ዲያቆን

በዴር ሱልጣን ለመሳለም የምትመጡ ምእመናን፣ ወደ ገዳማችን ስትዘልቁ መጀመሪያ የምታገኙት ሰው ብዙ ጊዜ መጥረጊያ የያዘ ወጣት ዲያቆን ነው። ገዳማችን ያለው በጌታችን መቃብር ቤተ ክርስቲያን፣ ከቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ጣራ በላይ ስለ ሆነ ግቢው ነፋስ ያመጣውን ሁሉ ይቀበላል። በመካከሉ ለታችኛው ጸሎት ቤት ብርሃን የሚያስገባው ጉልላት ቆሟል፤ ዲያቆኑ ጎብኝዎች ሳይደርሱ ዙሪያውን ጠርጎ ይጨርሳል። ስሙን እንዳንጽፍ ለምኖናልና «ወንድማችን» እያልን እንቀጥላለን።

ወንድማችን የጎጃም ልጅ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከየደጁ ለምኖ የተማረ የአብነት ተማሪ ነበር። ወደ ቅድስት ሀገር እንደሚሄድ በተሰማ ጊዜ የመንደሩ ሰው ሁለት ነገር ጠበቀበት፤ አንዱ ጸሎት ነው፣ ሁለተኛው ገንዘብ። ባሕር የተሻገረ ሁሉ የሚላክ ነገር አያጣም ተብሎ ይታመናልና፣ ገዳም የገባም ቢሆን ከዚህ ግምት አያመልጥም። እርሱ ራሱ ደግሞ የጠበቀው ሌላ ነበር፤ ሐዋርያት ከተላኩበት ከተማ ቆሞ ላልሰሙት ወንጌልን ሊሰብክ። ይህን የነገረን ከመጣ ከዓመት በኋላ፣ እየሳቀ ነው።

ያገኘው ግን ይህ ነው። በሌሊት ለሰዓታት ይነሣል፤ ጎሕ ሲቀድ ኪዳን ይደርሳል፤ ከዚያ መጥረግ፣ ውኃ መቅዳት፣ ለአረጋውያን አባቶች ቁርስ ማድረስ፣ በጾም ወራት ደግሞ ቁርሱ ይቀርና ሥራው ይቀጥላል። ክረምቱ እዚህ ከኅዳር በኋላ የሚመጣ ቀዝቃዛ ዝናብ ነው፤ በእነዚያ በራቸው ዝቅ ባለ ትናንሽ ቤቶቻችን ውስጥ እርጥበቱ ልብስን አይለቅም። ጎብኝዎች በመጡ ጊዜ በአርባዕቱ እንስሳ ጸሎት ቤት ንግሥተ ሳባ ከሰሎሞን ጋር የተገናኘችበትን ሥዕል ያሳያቸዋል። አብዛኞቹ ፎቶግራፍ አንሥተው ወደ ታች፣ ወደ ቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ወርደው ያልፋሉ። ሳይጠይቁ ፊቱ ላይ ካሜራ የሚደቅኑም አሉ፤ ይህን በዚህ አጋጣሚ ብንናገር ቅር አይበላችሁ።

ቋንቋውን የያዘበት መንገድ ግን አስገርሞናል። ዕብራይስጡንም ዐረብኛውንም የተማረው በግዕዙ ላይ ቆሞ ነው። እኛ ርእስ የምንለውን አንዱ ሮሽ፣ ሌላው ራስ ይለዋል፤ እዝን ኦዜን እና ኡዝን ነው፤ ልሳን ላሾን እና ሊሳን። እነዚህን ከሱቅ በተገዛች ትንሽ ደብተር ላይ በሦስት ዐምድ ይጽፍ ነበር። የአካል ክፍሎችን ለምን አስቀደመ ብለን ስንጠይቀው፣ «ከሁሉ የሚመሳሰሉት እነሱ ናቸው» አለን። በኋላ የት እንደሚጠቅሙት እርሱም እኛም አላወቅንም።

በሳምንቱ መጨረሻ ወደ ቴል አቪቭ ይወርዳል። በዚህ አገር እሑድ የሥራ ቀን ነው፤ የሰው ቤት የሚሠሩ፣ አረጋውያንን የሚጦሩ፣ በምግብ ቤት ዕቃ የሚያጥቡ ወገኖቻችን የሚያርፉት ቅዳሜ ነው። አውቶቡስ ደግሞ ከዓርብ ከሰዓት በኋላ ጀምሮ እስከ ቅዳሜ ማታ ስለሚቆም፣ ወንድማችን ዓርብ ቀደም ብሎ ይነሣል። እዚያ በኪራይ አዳራሽ ውስጥ ለልጆች ውዳሴ ማርያም ያስተምራል። ልጆቹ አማርኛ ይሰማሉ፣ የሚመልሱት ግን በዕብራይስጥ ነው።

በአንደኛው ዓመት መጨረሻ ልቡ ዛለ። «እኔ የመጣሁት ለማን ነው? የማስተምረው ያው የአገሬን ሰው፣ የምጠርገው ያው ጣራ» እያለ ለአንድ አረጋዊ አባት አዘነባቸው። እሳቸውም አልገሠጹትም። ስለ ፍሬምናጦስ፣ ስለ አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን አጫወቱት። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጢሮስ፣ ዛሬ ሊባኖስ ከምንላት አገር፣ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋር በልጅነት ወጥቶ፣ የተሳፈሩባት መርከብ ወደብ በጠጋች ጊዜ ሰዎቹ ተገድለው ሁለቱ ልጆች ብቻ ተርፈው ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰዱ። ታሪኩን የጻፈው ሩፊኖስ ከኤዴስዮስ ከራሱ አፍ እንደ ሰማው ይናገራል። ሁላችን የምናስታውሰው ፍሬምናጦስ ከአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና መቀበሉን ነው። አባታችን ያነሡለት ግን ከዚያ በፊት ያለውን ነበር። በቤተ መንግሥት ሥልጣን ባገኘ ጊዜ አስቀድሞ የፈለገው ለንግድ የመጡትን የሮም ክርስቲያኖች ነው፤ እንደ እርሱ እንግዶች የሆኑትን ፈልጎ ተሰብስበው የሚጸልዩበትን ስፍራ አሰናዳላቸው። «በእንግዶች ነው የጀመረው ልጄ» አሉት። ወንድማችን አልመለሰም፤ እኛም ያጽናናው አልመሰለንም።

በዚያው ወራት አንዲት እኅታችን ታመመች። በቴል አቪቭ አንዲት አሮጊት የምትጦር፣ ዘመድ የሌላት ሴት ነበረች። ወንድማችን በየሳምንቱ ሆስፒታል ይጠይቃት ጀመር፤ ሐኪሙ ዕብራይስጥ ይናገራል፣ እርሷ ሕመሟን የምትናገረው በአማርኛ ነው፤ ያቺ ሦስት ዐምድ ያላት ደብተር የዚያን ጊዜ ሥራ አገኘች። እርሷ «ዲያቆን፣ አደራህን፣ እናቴ እንዳትሰማ» ትለው ነበር። እርሱም ለእናቱ ሁልጊዜ «ደኅና ነኝ፣ ይሞቃል፣ እጠግባለሁ» እያለ ስለሚነግራቸው ይህን ልመና የሚነቅፍበት አፍ አልነበረውም። በሰባተኛው ሳምንት አረፈች።

ፍትሐት ሊደረግላት ካህኑ የክርስትና ስሟን ጠየቁ። የሚያውቅ አልነበረም። አብረዋት የኖሩት የሚያውቋት በዓለም ስሟ ነው፤ ወንድማችንም ሰባት ሳምንት ተመላልሶ አልጠየቃትም። ስለ ጭንቅላቷ፣ ስለ ሆዷ፣ ስለ ደሟ ሲያስተረጉም ይህን አንዱን ረሳ። ካህኑ «አመትከ» ብለው ጸለዩላት፤ እግዚአብሔር የባርያውን ስም አይስትም ብለን አጽናናነው፣ እርሱ ግን ለብዙ ቀን አንገቱን ደፍቶ ሰነበተ።

መርዶው ቀረ። ጓደኞቿ ገንዘብ አዋጥተው አስከሬኗን ወደ ኢትዮጵያ ለመላክ ሲሰናዱ፣ ለእናቲቱ በስልክ ይነገራቸው የሚሉ ነበሩ። ወንድማችን እንቢ አለ። መርዶ በማለዳ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ የሚነገር እንጂ ብቻቸውን ላሉ እናት በጆሮ የሚወረወር አይደለም አለ። እኛ ስልክ ያበዛል እያልን ስንነቅፈው ኖረን ነበር፤ በዚያች ሌሊት ያንኑ ስልክ ይዞ ከአንዱ ወዳጅ ወደ ሌላው እየደወለ የእናቲቱን የነፍስ አባት አገኛቸው። በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ካህኑ ከጎረቤቶች ጋር በር አንኳኩ።

ከሦስት ቀን በኋላ ካህኑ ደወሉ። እናቲቱ የላኩት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ ስትሞት አጠገቧ ሰው ነበር ወይ? ወንድማችን ነበር አለ። ከዚያ በኋላ የክርስትና ስሟን ነገሩት፤ በዚያችው ደብተር፣ ከዐምዶቹ ውጭ፣ ለብቻው ጻፈው።

ለራሱ እናት በዚያን ቀን ማታ ደወለ። ብርዱን ነገራቸው፤ የሚላክ ገንዘብ እንደሌለውም ነገራቸው። በቴል አቪቭ በምግብ ቤት የሚሠራበት ቦታ ወዳጆቹ አግኝተውለት፣ ከፋሲካ በኋላ ገዳሙን ትቶ ሊሄድ አስቦ እንደ ነበርም አልሸሸጋቸውም። እናቱ ምን እንዳሉት አልነገረንም። ይቆይ ይሂድ እስካሁን አልቆረጠም፤ አባቶችም አላስጨነቁትም፣ እንዲህ ያለውን ነገር በግድ ማጽናት ደግ ነው ብለን አናምንም።

በቴል አቪቭ ግን አንድ ልማድ ጀምሯል። አዲስ ሰው ወደ አዳራሹ በመጣ ቁጥር የክርስትና ስሙንና የነፍስ አባቱን አድራሻ ይጠይቃል፤ ፈቃደኛ የሆነውን በደብተሩ ይመዘግባል። እናንተም ምእመናን ከሰው አገር ያለ ዘመድ ስትጠይቁ ይህን ጠይቁልን።

የእኅታችን አርባ በመጪው ሳምንት ቅዳሜ በቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ይታሰባል። ስሟን እዚህ አንጽፍም፤ በመቅደስ ይጠራል። ቅዳሴው በሌሊት ስለሚጀምር ከቤተ ልሔም የምትመጡ ምእመናን ዓርብ ማታ በገዳሙ ብታድሩ ይሻላችኋል፤ ማደሪያ ለማሰናዳት ዲያቆኑን አስቀድማችሁ አነጋግሩት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።