ስለ ቅርጫት ኳስ ወጣቶችና ስለ ምርጫቸው

የቅርጫት ኳስ የሚባለው ጨዋታ የተጀመረው በትምህርት ቤት ነው። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1891 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በማሳቹሴትስ ግዛት፥ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባሉ መምህር ነበሩ። እርሳቸውም አስቀድሞ የነገረ መለኮት ትምህርት የተማሩ ሰው ነበሩ። ብርዱ በርትቶ ተማሪዎቹ በሜዳ መጫወት ስላልቻሉ፥ መምህሩ ሁለት የኮክ ቅርጫቶች በአዳራሹ ውስጥ ከፍ ባለ ስፍራ አሰቀሉ፤ ኳሱን በቅርጫቱ ውስጥ የሚጥል ያሸንፍ ዘንድ 13 ደንብ ጻፉ። የጨዋታውም ስም የወጣው ከዚያ ቅርጫት ነው። ያን ጊዜ ደመወዝን ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ጨዋታው የታሰበው ለተማሪዎች ጤና ነበር። (ከዚህም በታች የተጻፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።)

ከጊዜ በኋላ ግን ሕዝቡ ጨዋታውን እጅግ ወደደው። ለማየትም ገንዘብ ይከፍል ጀመር። ገንዘብ በመጣ ጊዜ ስለ ደመወዝ የሚጫወቱ ሰዎች ተነሡ፤ እነርሱም ፕሮፌሽናል ይባላሉ። በ1946 ዓ.ም. ዛሬ ኤን ቢ ኤ የሚባለው ትልቁ ማኅበራቸው ተመሠረተ። ይህ ማኅበር በየዓመቱ ከወጣቶች መካከል 60 ያህል ብቻ ይመርጣል፤ ምርጫውም ድራፍት ይባላል። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከሚጫወቱት ወጣቶች ለምርጫ ከሚደርሱት መካከል ከመቶው አንድ ያህል እንጂ አይመረጥም። የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ልጅ ግን ይህን ቍጥር አይሰማም፤ ቢሰማም ያ አንዱ እኔ ነኝ ይላል።

አስቀድሞ በማኅበሩ ዘንድ አንድ ደንብ ነበረ። ይኸውም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከጨረሰ በኋላ 4 ዓመት ያልሞላው ወጣት በማኅበሩ ቡድኖች አይጫወት የሚል ነው። ደንቡ ወጣቱን ወደ ትምህርት ስለሚመልስ መልካም ይመስላል። በቤቱ እህል ለሞላለት ልጅ በእርግጥ መልካም ነው። ስፔንሰር ሄይውድ የተባለው ወጣት ግን እንዲህ ካለው ቤት አልተወለደም። በሚሲሲፒ ግዛት ከ10 ልጆች አንዱ ሆኖ ተወለደ፤ እናቱ ጥጥ እየለቀመች ታሳድጋቸው ነበር፤ እርሱም በልጅነቱ ጥጥ ይለቅም ነበር። በ1968 ዓ.ም. በሜክሲኮ ኦሊምፒክ ለአገሩ ተጫውቶ የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። ነገር ግን ሜዳይ ለእናቱ ራት አይሆንም። በ1970 ዓ.ም. በሲያትል ከተማ ከነበረው ቡድን ጋር ቢዋዋል ማኅበሩ ዓመቱ አልደረሰም ብሎ ከለከለው። እርሱም ከሰሰ፤ ነገሩም እስከ አገሪቱ የበላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በ1971 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ይጫወት ዘንድ የተሰጠለትን ትእዛዝ አጸናለት። ከዚያም በኋላ ማኅበሩ ቤተ ሰቡ ድኻ መሆኑን የሚያስረዳ ወጣት ጊዜው ሳይደርስ ይገባ ዘንድ ፈቀደ። ሰው ሥራ ለማግኘት ድኽነቱን በማስረጃ ማቅረብ ግድ ሲሆንበት ያሳዝናል። የሆነ ሆኖ እናቱ የተቸገረችበትን ልጅ፥ ወደ ደመወዝ ስለ ቸኰለ፥ ገንዘብ ወዳድ ብሎ መንቀፍ አይገባም።

በ1974 ዓ.ም. ደግሞ በቨርጂኒያ ግዛት የሚኖር ሞዝስ ማሎን የተባለ የ19 ዓመት ወጣት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ፕሮፌሽናሎች ገባ። ወደ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ ብሎ ከፈረመ በኋላ ነው ሐሳቡን የለወጠው። ተሳካለትም፤ 20 ዓመት ያህል ተጫወተ፤ 3 ጊዜም የዓመቱ ዋነኛ ተጫዋች ተባለ። ከእርሱ ኋላ በ1995 ዓ.ም. ኬቪን ጋርኔት፥ በ1996 ዓ.ም. ኮቢ ብራያንት፥ በ2003 ዓ.ም. ሌብሮን ጄምስ በዚሁ መንገድ ሄደው ስማቸው በዓለም ሁሉ ተሰማ።

የእነዚህን ስም ሁሉም ያውቃል። ኮርሊዮን ያንግ የሚለውን ስም ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። እርሱም በ1998 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ በምርጫው 40ኛ ሆኖ ለዲትሮይት ቡድን ተመረጠ። በዚያ ማኅበር የተጫወተው በ3 ጨዋታዎች ብቻ ነው፤ ከዚያም በኋላ በባዕድ አገር ቡድኖች እየተዘዋወረ ተጫወተ። በዚያም ዘመን ድራፍት የመረጠው ወጣት ወደ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ተመልሶ መጫወት አይፈቀድለትም ነበር። አባቶች፥ ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላሉ። ያንግ የተከለው ባላ አንድ ብቻ ነበር።

በ2005 ዓ.ም. ማኅበሩና የተጫዋቾቹ ወኪሎች አዲስ ደንብ ተስማሙ፤ የአሜሪካ ወጣት 19 ዓመት ካልሆነውና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ከጨረሰ አንድ ዓመት ካላለፈው አይመረጥም። ስለዚህ ብዙዎች አንድ ዓመት ብቻ በዩኒቨርሲቲ ተቀምጠው ይሄዱ ጀመር። ግሬግ ኦደን ከእነርሱ አንዱ ነው። በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት ቈይቶ በ2007 ዓ.ም. ከሁሉ በፊት ተመረጠ። ቁመቱ ረዥም፥ ሰውነቱ ብርቱ ነበር፤ ነገር ግን ገና አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ጉልበቱ ታመመና ሐኪሞች ቀደዱት። ኋላም ደጋግሞ ተጐዳ። በጉልበቱ የሚያድር ሰው ጉልበቱ በከዳው ጊዜ በምን ይኖራል? በዘመኑ ሁሉ በማኅበሩ የተጫወተው 105 ጨዋታ ብቻ ነው። ኦደን ግን ወደ ተወው ዩኒቨርሲቲ ተመለሰ፤ ከእርሱ በዕድሜ እጅግ ከሚያንሱ ተማሪዎች ጋር ተቀምጦ ተማረ፤ በ2019 ዓ.ም. ዲግሪውን ተቀበለ።

ቲም ደንከን ደግሞ ሌላ መንገድ ሄደ። እርሱ የተወለደው በካሪቢያን ባሕር ባለችው በሴንት ክሮይ ደሴት ነው። በልጅነቱ ዋናተኛ ነበር። በ1989 ዓ.ም. ታላቅ ዐውሎ ነፋስ ደሴቲቱን መታ፤ የሚዋኝበትንም ገንዳ አፈረሰው። በሚከተለው ዓመት እናቱ 14 ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው በካንሰር በሽታ ዐረፈች። እናቱ ሳለች የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን እንዲፈጽም ቃል አስገብታው ነበር። ኋላ የቅርጫት ኳስ ተምሮ ዌክ ፎረስት ወደሚባለው ዩኒቨርሲቲ ገባ። ገና ሁለት ዓመት እንደ ተማረ፥ ዛሬ ቢወጣ ከፊተኞቹ ይመረጣል ተባለ። በሦስተኛውም ዓመት እንዲሁ ተባለ። ጓደኞቹ ወደ ብዙ ገንዘብ ሲሄዱ እርሱ መጽሐፉን ይዞ ተቀመጠ። ቃል የገባላት እናት ሞታለች፤ ቃሉን ቢተው የሚወቅሰው አልነበረም። እርሱ ግን አራቱን ዓመት ፈጽሞ በ1997 ዓ.ም. በሥነ ልቡና ትምህርት ዲግሪ ተቀበለ። በዚያው ዓመት ከሁሉ በፊት ተመረጠ፤ ከሳን አንቶኒዮ ቡድን ጋርም 5 ጊዜ የማኅበሩን ዋንጫ አገኘ። በዘገየባቸው ዓመታት ጉልበቱ ቢሰበር ኖሮ ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር። ስለዚህ ለእናቱ ቃል ሲል የተወው ነገር ቀላል አልነበረም።

በ1998 ዓ.ም. ቪንስ ካርተር የተባለው ወጣት በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ሦስት ዓመት ተምሮ ወደ ቶሮንቶ ቡድን ሄደ፤ ትምህርቱን ግን አልተወም፤ እየተጫወተ ፈጸመው። የምረቃው ቀን ግንቦት 20 ቀን 2001 ዓ.ም. በፈረንጆች ሆነ። በዚያው ቀን ማታ ቡድኑ በፊላዴልፊያ ከተማ የመለያውን ጨዋታ ይጫወት ነበር። ካርተር ጧት የምረቃውን ልብስ ለብሶ ከተመራቂዎች ጋር ቆመ፤ ከዚያም በአውሮፕላን ወደ ፊላዴልፊያ በረረ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ቡድኑ በአንድ ነጥብ ተበልጦ ነበር፤ የመጨረሻውም ኳስ በካርተር እጅ ሆነ። ወረወረ፤ ሳይገባ ቀረ። ቡድኑ 88 ለ 87 ተሸነፈ። ብዙዎች በምረቃው ምክንያት ወቀሱት። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ የዋለ ተጫዋችም ኳስ ይስታል፤ ይህን ግን በዚያ ማታ ያሰበ ጥቂት ነበር።

ያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተጫዋች ደመወዝ አይቀበልም ነበር። የትምህርቱ ክፍያ፥ ምግቡና ማደሪያው ይሰጠው ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ግን በእርሱ ጨዋታ ትኬት ይሸጥ ነበር፤ ከቴሌቪዥንም ብዙ ገንዘብ ይቀበል ነበር። ይህ ፍርድ የጐደለው ሥርዓት ለብዙ ዘመን ቈየ። ከ2021 ዓ.ም. ጀምሮ ግን ተጫዋቹ በስሙና በሥዕሉ ገንዘብ እንዲያገኝ ተፈቀደ፤ ከ2025 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ጀምሮም ዩኒቨርሲቲዎች ራሳቸው እንዲከፍሉት ተፈቀደ። ስለዚህ በምርጫው ከኋለኞቹ ጋር ይቈጠር የነበረው ወጣት ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ የበለጠ ገንዘብ ሊያገኝ ይችላል፤ ቸኵለው የሚወጡትም ቀንሰዋል።

በዚህም ላይ ሌላ ነገር መጣ። የበለጠ የሚከፍለውን ፍለጋ ወጣቶች በየዓመቱ ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ይዛወራሉ። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረውን ሁሉ ግን ሌላው አይቈጥርም። አራት ዓመት በሦስት ዩኒቨርሲቲ የቈየ ወጣት የሦስት ቡድን ልብስ ኖሮት ዲግሪ ሳይኖረው ሊቀር ይችላል። አስተዋይ ወላጅ ልጁ ከመፈረሙ በፊት ደመወዙን ከጠየቀ በኋላ፥ እስካሁን ከተማረው ትምህርት ስንቱ እንደሚቈጠርለት ይጠይቃል፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበላል።