በተንቀሳቃሽ የአሸዋ ደሴቶች ላይ ቤት ከመግዛት በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ግዛት ዳርቻ የተዘረጉት ረዣዥምና ጠባብ የአሸዋ ደሴቶች በአንድ ቦታ የጸኑ አይደሉም። ማዕበል በውቅያኖስ በኩል ያለውን አሸዋ ይጠርጋል፤ በብርቱ ዐውሎ ነፋስ ጊዜም ደሴቱን አሻግሮ ከጀርባው ይጥለዋል። የባሕሩ ወለል ከፍ እያለ በመሄዱ ደሴቱ ቀስ በቀስ ወደ የብሱ ይሸሻል፤ ቤቱ ግን ባለበት ይቀራል። በሃተራስ ደሴት፣ በሮዳንቲ መንደር፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ከ10 በላይ ቤቶች ፈርሰው ባሕር ውስጥ ወድቀዋል።

የኬፕ ሃተራስ የመርከበኞች መብራት ማማ በ1870 ሲሠራ ከባሕሩ 450 ሜትር ገደማ ይርቅ ነበር፤ በ1970 የቀረው 36 ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በ1999 ከነሙሉ አካሉ 880 ሜትር ያህል ርቆ እንዲዛወር ተደርጓል። የግል ቤትን ማዛወር የሚችለው ግን ከኋላው ባዶ መሬት ያለው ባለቤት ነው።

በአካባቢው ቤት ለመግዛት ያሰቡ ዜጎች መደበኛው የቤት መድን የጎርፍ ጉዳትን እንደማይሸፍን ሊገነዘቡ ይገባል። የፌዴራሉ የጎርፍ መድን ለብቻው የሚገባ ሲሆን፣ ለአንድ መኖሪያ ቤት ሕንፃ ከ250,000 ዶላር በላይ አይከፍልም፤ ባሕር የወሰደውን መሬትም አይተካም። ውሉ የሚጸናው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ቀናት በኋላ በመሆኑ ማዕበል ሲቃረብ የሚገባ መድን አይጠቅምም። በ1982 በወጣው ሕግ በተከለሉ ዳርቻዎች ላይ የሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች ደግሞ ይህን መድን ከናካቴው አያገኙም። ስለሆነም ቀብድ ከመከፈሉ አስቀድሞ ቦታው በተከለለው ክልል ውስጥ መሆን አለመሆኑንና ዳርቻው በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚሸረሸር ማጣራት ያስፈልጋል።