በአሮጌ ፒክአፕ ላይ የሚሰማ የመሪና የፍሬን ንዝረት፦ መንስኤውን ክፍል ከመቀየር በፊት ስለመለየት

የአሮጌ ፒክአፕ መሪ ሲንቀጠቀጥ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠረጠረው የፍሬን ዲስክ ነው። ሆኖም ንዝረት የሚነሳበት ሁኔታ ከምንጭ ምንጭ ስለሚለያይ፣ አንድም ብሎን ሳይፈታ መንገድ ላይ በሚደረግ ሙከራ ጥርጣሬውን በእጅጉ ማጥበብ ይቻላል። ለዚህ ማብራሪያ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 የተመረተው አምስተኛው ትውልድ ቶዮታ ሃይሉክስ ጥሩ ምሳሌ ነው። የፎር ዊል ድራይቩ ዓይነት በብዙ አገሮች የቀረበው በባሌስትራ ላይ ከተቀመጠ ወጥ የፊት አክስል፣ ከፊት ዲስክና ከኋላ ታምቡር ፍሬን ጋር ነው።

ፍሬን ሳይያዝ ከፍጥነት ጋር የሚመጣና የሚሄድ ንዝረት በአብዛኛው የጎማ ባላንስ ጉዳይ ነው። ዙሪያው 2.3 ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በሰከንድ 11 ጊዜ ያህል ይሽከረከራል። ይህም አክስሉና ጎማው በባሌስትራው ሥር በተፈጥሮ ከሚርገበገቡበት ድግግሞሽ፣ ማለትም በሰከንድ ከ10 እስከ 15 ጊዜ ከሚደርሰው ክልል ውስጥ ይወድቃል። በዚህ ፍጥነት ቸርኬው ጠርዝ ላይ፣ ከመሃል 20 ሴንቲ ሜትር ርቆ የሚገኝ የ50 ግራም ብልጫ 47 ኒውተን ገደማ ኃይል ይፈጥራል፤ ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። አሽከርካሪው ቀስ ብሎ ሲነዳ ምንም የማይሰማው ለዚህ ነው።

ጉድጓድ ወይም ጉብታ ከተመታ በኋላ በድንገት ተነስቶ መሪውን ግራና ቀኝ የሚያላትም መንቀጥቀጥ ግን ሌላ ነገር ነው። ወጥ አክስል ባላቸው መኪኖች ላይ ምንጩ የሚፈለገው በላሉ የመሪ ዘንግ መጋጠሚያዎችና የፊት ጎማ በሚዞርባቸው የላይና የታች ኩሽኔታዎች ዘንድ ነው። የመሪውን አሞርዛተር መቀየር ምልክቱን ይሸፍናል እንጂ ልልነቱን አያስወግድም።

ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣው ንዝረት በጣም የሚያከራክረው ነው። በተለምዶ «ዲስኩ ተጣሟል» ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ችግሩ የውፍረት ልዩነት ነው። የዲስኩ ውፍረት በዙሪያው በመቶኛ ሚሊ ሜትሮች ከተለያየ ፔዳሉ ላይ ሊሰማ ይችላል። ልዩነቱ በሁለት መንገድ ይፈጠራል። አንደኛው ከልል ኩሽኔታ ወይም በዲስኩና በጎማው እምብርት መካከል ከቀረ ዝገት ይጀምራል፦ ዲስኩ ሲዞር ይወላገዳል፣ ፍሬን ባልተያዘበት ጊዜም ያው ቦታ በየዙሩ ሸራውን እየነካ ይበላል። ሂደቱ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ስለሚፈጅ፣ አዲስ ዲስክ ያስገባ ባለንብረት ንዝረቱ ሲመለስ የሚወቅሰው የዕቃውን ጥራት ነው። ሁለተኛው ሙቀት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን ረጅም ቁልቁለት በፍሬን ብቻ የወረደ መኪና ታች ደርሶ ፔዳሉ እንደተረገጠ ቢቆም፣ ከጋለው ሸራ የወጣ ቁስ ዲስኩ ላይ በአንድ ቦታ ይለጠፋል። ሙቀቱ እጅግ ካየለ ከሥሩ ያለው ብረት ራሱ ይጠነክራል፤ ይህን ደግሞ ላይ ላዩን የሚልግ ቶርኖ አያነሳውም።

የኋላው ታምቡር ሞላላ ሲሆን ንዝረቱ ከመሪው ይልቅ በመቀመጫና በፔዳል ይሰማል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ጭር ባለ ቀጥተኛ መንገድ በዝቅተኛ ፍጥነት፣ የመልቀቂያው ቁልፍ እንደተጫነ የእጅ ፍሬኑ በዝግታ ይሳባል። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ብቻ ስለሆነ ንዝረቱ ከታየ የፊት ዲስኮች ከተጠርጣሪነት ይወጣሉ።

ጥርጣሬው ፊት ላይ ከቀረ መለካት ይከተላል። በቅድሚያ ጎማው በክሪክ ተነስቶ የኩሽኔታው ልልነት ይፈተሻል፤ ልል ሆኖ ሳለ የሚወሰድ የውልግድና ልኬት ዋጋ የለውም። ከዚያ በማይክሮሜትር ውፍረቱ ዙሪያውን ቢያንስ በስምንት ነጥቦች ይለካል። ዲስኩን ቶርኖ ማስገባት ትርጉም የሚኖረው ከተላገ በኋላም በላዩ ከተጻፈው ዝቅተኛ ውፍረት በላይ የሚቀር ከሆነ ነው፤ ከዚያ በታች የሳሳ ዲስክ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ስለሚቀንስ በሚቀጥለው ቁልቁለት ይበልጥ ይግላል።