«አይስማማትም» የተባለው መርፌ

አንዲት እናት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን ይዛ ጤና ጣቢያ ደረሰች እንበል። ልጅቷ ጉሮሮዋን ደጋግማ ታማ በሽታው ወደ ልቧ የተሻገረባት ናት። የታዘዘላት የፔኒሲሊን መርፌ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ፣ ለዓመታት ሳይቋረጥ መሰጠት አለበት። ነርሷ ግን ካርዱን ገልጣ አየችና፣ «እናቴ፣ ይህን መርፌ እኔ አልወጋም፤ ሰው ይገድላል። ሌላ ቦታ ይውሰዷት» አለች።

ውድ አንባቢያን፣ ነርሷን ለመውቀስ አንቸኩል። ተወግቶ እዚያው የወደቀ ሰው አይታ ወይም ከባልደረባዋ ሰምታ ይሆናል። የሰው ነፍስ በእጇ እንዳታልፍ መፍራቷ የአማና ስሜት ነው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህን ፍርሃት የሚመልስ ትምህርት አግኝታለች ወይ?

አለርጂ የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1906 ያወጣው ክሌመንስ ፎን ፒርኬ የተባለ የቪየና የሕፃናት ሐኪም ነው። ከአለርጂ ሁሉ ከባዱ አናፊላክሲስ ይባላል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ የደም ግፊት ያወርዳል፣ ይገድላልም። እንግዲህ ፍርሃቱ መሠረት አለው። ግን ምን ያህል? እ.ኤ.አ. በ1991 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት 1,790 ሕሙማን የተወጉትን 32,430 መርፌ ተከታትሏል። አናፊላክሲስ የደረሰባቸው 4 ሲሆኑ የሞተው አንድ ነው። መርፌውን ያቋረጠ ልጅ ግን ሕመሙ ባገረሸ ቁጥር የልቡ ቫልቭ እየተበላሸ ይሄዳል።

ጉዳዩ በዚህ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካ የልብ ማኅበር ባወጣው ምክር፣ ልባቸው ክፉኛ በተጎዳ ሕሙማን ላይ ከመርፌው በኋላ የታየው ድንገተኛ ሞት ከአለርጂ ይልቅ የደከመው ልብ የመርፌውን ሕመምና ድንጋጤ ካለመቻሉ የመጣ ሊሆን እንደሚችል ገለጸ። ስለዚህም እንዲህ ላሉት በቀን ሁለቴ የሚዋጥ ፔኒሲሊን እንዲታሰብ መከረ፤ ለሌሎቹ መርፌው ይቀጥላል። ይህን ያልተማረ ባለሙያ በሁለት በኩል ይሳሳታል። ለሚያስፈልገው ይከለክላል፤ ለሚያሰጋው ይወጋል።

ሌላው ችግር ካርድ ላይ በቀይ የሚጻፈው «አለርጂክ» ነው። ፔኒሲሊን አይስማማቸውም ከተባሉ አሥር ሰዎች ዘጠኙ ያህሉ በደንብ ሲመረመሩ መድኃኒቱን ያለ ችግር ይወስዱታል። ብዙ ጊዜ በልጅነት ከቫይረስ የመጣ ሽፍታ ወይም ተራ የሆድ መረበሽ ነበር። እውነተኛ አለርጂም ቢሆን በዓመታት ውስጥ ብዙዎችን ይለቃል። ስለዚህ የሠለጠነ ሰው ከመጻፉ በፊት ይጠይቃል፦ የትኛው መድኃኒት ነበር? ከተወሰደ ከስንት ሰዓት በኋላ? ምን ታየ? ከዚያ ወዲህ ወስዳ ታውቃለች? አራት ጥያቄ ነው፤ ግፋ ቢል አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

አናፊላክሲስ ቢደርስስ? ብዙ ባለሙያ ቀድሞ የሚያነሣው ሃይድሮኮርቲዞን ወይም የማሳከክ መድኃኒት ነው። ሕይወት የሚያተርፈው ግን አድሬናሊን ነው፤ በውጨኛው የጭን ጡንቻ፣ ለአዋቂ ግማሽ ሚሊግራም፣ ለልጅ እንደ ክብደቱ፤ ካልተሻለ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ይደገማል። ሕመምተኛው ተጋድሞ እግሩ ከፍ ይላል፤ መተንፈስ ካቃተው ግን ይቀመጥ። ይህን ለፈተና ሸምድዶ ማለፍ ቀላል ነው። እጅ ካልለመደው ግን በዚያች ደቂቃ ሁሉም ይረሳል፤ ልምምዱም አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው መሆን የለበትም።

በረመዳን ወር መርፌውን የሚያዘልሉ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ለምግብነት የማይውል መርፌ ጾምን እንደማያፈርስ ወስኗል። ይሁንና ሕመምተኛው ከመወጋቱ በፊት ውሃ ቢጠጣና ጥቂት ቢቀምስ ስለሚመከር፣ ስለ ሩኽሳው ሐኪምንም ዓሊምንም አስቀድሞ ማማከር ይበጃል።

ያቺ እናትም ነርሷን እንዲህ ብላ ልትጠይቅ ትችላለች፦ «ልጄ፣ አድሬናሊኑ በቅርብ አለ? ተጋድማ ትወጋልኝ? ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት እዚሁ እንቆያለን።» አድሬናሊኑ ከሌለም ከአንድ ነርስ ጋር መጨቃጨቅ አይጠቅማትም፤ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ታነጋግር።