ስለ ቤት ማቀዝቀዣ ጠባይና ስለ ጉድለቱ ምርመራ

ጨርሶ የተበላሸ ዕቃ ባለቤቱን አያታልልም፤ ጉድለቱ ወዲያው ስለሚታወቅ ወይ ይታደሳል ወይ ይጣላል። ዛሬ ሠርቶ ነገ የሚያርፍ፣ ከነገ ወዲያም እንደ ገና የሚሠራ ዕቃ ግን በቤት ውስጥ እንደ ተሸሸገ በሽታ ነው። የምግብ ማቀዝቀዣ ጠባዩ እንዲህ ሲለዋወጥ የሚጎዳው ወተትና ሥጋ ብቻ አይደለም። የስኳር ሕመምተኛ በሚገኝበት ቤት ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ ይገባዋል፤ ሙቀት ኃይሉን ያደክመዋል፤ በረዶ ከሆነም አይረባም። በእኛም ቤት ይህን መድኃኒት የሚወስዱ አዛውንት ስላሉ፣ የደረሰብንን ለአንባቢዎቻችን ማካፈል መልካም መስሎ ታየን።

አስቀድሞ የመሣሪያውን ሥራ ማስተዋል ያሻል። ማቀዝቀዣ ቅዝቃዜን አይፈጥርም፤ ከውስጡ ሙቀትን እያነሣ ወደ ውጭ ያወጣል እንጂ። ኮምፕሬሰር የሚባለው ሞተር ጋዙን ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀውም ጋዝ በውጭ ባሉት ቱቦዎች ሲያልፍ ሙቀቱን ለአየር ሰጥቶ ፈሳሽ ይሆናል። ፈሳሹ በጠባብ መንገድ አልፎ ወደ ውስጠኛው ቱቦ በደረሰ ጊዜ ተመልሶ ይተንናል፤ ሲተንም በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ሙቀት ይወስዳል። በዚህ ሥርዓት ለሚሠራ መሣሪያ ጄኮብ ፐርኪንስ የተባለ አሜሪካዊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1834 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብት አግኝቷል።

የእኛ ማቀዝቀዣ ጥቂት ቀን ደኅና ሠርቶ ከዚያ ወተቱን ማስቈምጠጥ ጀመረ። የጠራነው ሠራተኛ ጋዙ አልቋልና ይሞላ ብሎ ዋጋውን ነገረን። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምር አላመንበትም። ጋዙ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ የሚዞር ስለ ሆነ እንደ ኩራዝ ዘይት በመሥራት ብዛት አያልቅም፤ ቀዳዳ ካለ ይወጣል፤ ከወጣም አይመለስም። ታዲያ ሐሙስ ዕለት ያልነበረው ጋዝ እሑድ ከወዴት መጣ?

ስለዚህ ውሃ በተሞላ ብርጭቆ ውስጥ የሙቀት መለኪያ አድርገን በመካከለኛው መደርደሪያ አኖርን፤ ጧትና ማታም ልኩን በወረቀት ጻፍን። ወረቀቱ ሁለት ነገር አስተማረን። መጀመሪያ፣ የላይኛው የበረዶ ክፍል ሥጋውን አድርቆ ይዞ ሳለ የታችኛው ክፍል ብቻ ይሞቅ ነበር። ሁለተኛ፣ መድኃኒቱን ወደ ጎረቤት አዛውረን ማቀዝቀዣውን አንድ ቀን ሙሉ ከኤሌክትሪክ ነቅለን በሩን ከፍተን ባሳደርነው ጊዜ፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ያለ እንከን ሠራ። በአየር ማራገቢያ በሚሠሩት ማቀዝቀዣዎች ቀዝቃዛው ቱቦ ከኋለኛው ግድግዳ ጀርባ ተሰውሯል፤ በላዩ የሚጋገረውንም በረዶ አንዲት ማሞቂያ በየጊዜው ታቀልጠዋለች። ማሞቂያዋ ስትቃጠል በረዶው እያደገ የአየሩን መንገድ ይዘጋል፤ ሲነቀል ይቀልጣል፤ ሲሰካ እንደ ገና ይጋገራል። ወረቀታችንን ያሳየነው ሌላ ባለሙያ ማሞቂያዋን ለውጦ፣ ጋዙን ሳይነካ ነገሩን ፈጸመው።

ባለሙያ ከመጥራት በፊት ግን ባለቤቱ ራሱ የሚመረምራቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ወረቀት በበሩ መካከል አድርጎ ዘግቶ መሳብ ነው፤ ወረቀቱ ያለ ትግል ከወጣ የበሩ ጎማ ላልቷል። ሁለተኛ፣ ከሶኬት ነቅሎ በጀርባው ያሉትን ቱቦዎች አቧራ መጥረግና ከግድግዳው ጥቂት ማራቅ ነው። ሦስተኛ፣ ትኩስ ድስት አለማስገባት፣ የአየሩን ቀዳዳዎችም በዕቃ አለመድፈን ነው። አራተኛ፣ ጉድለቱ በእራት ሰዓት ብቻ የሚታይ እንደ ሆነ የኤሌክትሪኩን ኃይል መጠርጠር ይገባል፤ በየቤቱ ምጣድ ሲጣድ ኃይሉ ከ220 ቮልት በብዙ ቢወርድ፣ ሞተሩ ለመነሣት ታግሎ ያቅተውና መከላከያው ያቋርጠዋል። ለዚህ መድኃኒቱ የኃይል ማስተካከያ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም 5 ደቂቃ ያህል ቆይቶ መሰካት ይበጃል።

በረዶን በቢላዋ መፋቅ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። ቱቦው ከተበሳ መሣሪያው ይጠፋል፤ በብዙዎቹ አዳዲስ ማቀዝቀዣዎች ያለው ጋዝም እሳት የሚይዝ ነው።

ምግብን በሚመለከት፣ ማቀዝቀዣው ከ4 ዲግሪ እንዳይበልጥ መጠበቅ ነው። መብራት ቢጠፋ በሩ ካልተከፈተ ቅዝቃዜው 4 ሰዓት ያህል ይቆያል። ሥጋ፣ ወተትና የበሰለ ምግብ ከ4 ዲግሪ በላይ ከ2 ሰዓት የበለጠ ከቆየ ግን ሽታው ባይለወጥም መጣል ይሻላል፤ ሕመም የሚያመጣ ተሐዋሲ ሁልጊዜ በሽታ አይታወቅምና። የሞቀ ወይም በረዶ የነካው ኢንሱሊንም መድኃኒት ዐዋቂ ሳይጠየቅ አይወሰድ።

አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል። የአንድ ሳምንት ትዕግሥትና አንዲት ወረቀት ከከንቱ ወጪ አዳነችን፤ ይልቁንም የአንድ አረጋዊ መድኃኒት እንዳይበላሽ ጠበቀችልን።