ወንፈል የሌለው ወዳጅነት፦ የአዝማሪ ኑሮና ባልንጀርነት ከምዕራብ ጎጃም እስከ አዲስ አበባ

ስለ አዝማሪ እስከ ዛሬ የተጻፈው አብዛኛው ስለ ዜማው፣ ስለ ቅኝቱና ስለ ሰምና ወርቁ ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ከግድግዳ ሰቅሎ ካረፈ በኋላ ከማን ጋር ቡና እንደሚጠጣ፣ ሲታመም ማን እንደሚጠይቀው፣ ሲሞት ማን እንደሚቀብረው የመረመሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንኑ ነው። ጥያቄያችንም በአጭሩ፦ ሥራው ሌላውን ማወደስና ማጫወት የሆነ ሰው ለራሱ ወዳጅ የሚያፈራው በምን መንገድ ነው? የሚል ነው። መነሻችን የምዕራብ ጎጃም ገጠር፣ መድረሻችን የአዲስ አበባ አዝማሪ ቤት ነው፤ የከተማውን አዝማሪ ባልንጀርነት ለመረዳት አስቀድሞ ገጠሩ ወዳጅ የሚለው ማንን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋልና።

1. የገጠሩ ወዳጅነት ሥርዐት

ፍኖተ ሰላም ስሟ «የሰላም መንገድ» ማለት ሲሆን የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ 380 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከእርሷ ቀጥላ ያለችው ቡሬ የመንገድ መገናኛ ናት፤ አንዱ መንገድ በእንጅባራ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር ይዘልቃል፣ ሌላው ዐባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይሄዳል። በዙሪያቸው ያለው ገበሬ ጤፍ፣ በቆሎና ዳጉሳ ያመርታል፤ የቡሬ በርበሬም በገበያ የታወቀ ነው።

በዚህ አገር የእርሻ ሥራ ብቻውን ለሚቆም ሰው አይገፋም። ስለዚህ ጎረቤት ከጎረቤት በወንፈል ይረዳዳል፤ ዛሬ እኔ የአንተን ማሳ ባርም ነገ አንተ የእኔን ታርማለህ፣ ቀን በቀን ይመለሳል። ሥራው ሲበዛ ደግሞ ባለ ሥራው እንጀራና ጠላ አሰናድቶ ደቦ ይጠራል። ከእርሻው ውጭም እንዲሁ ነው። በታቦቱ ስም የሚጠጣው ማኅበር በየወሩ ከቤት ወደ ቤት በተራ ይዞራል፤ ሰንበቴውም በተራ ይወጣል። ክርስትና ያነሣ ሰው ከሕፃኑ ወላጆች ጋር አበልጅ ይሆናል፤ በሠርግ ቀን ሚዜ የሆነም እስከ ዕድሜ ልክ የቤት ሰው ሆኖ ይቈጠራል።

እነዚህ ሁሉ በመልካቸው ይለያዩ እንጂ ሥራቸው በአንድ ሕግ ነው። የተቀበለ ይመልሳል፤ የሚመልሰውም የተቀበለውን ዐይነት ነው። ጉልበት በጉልበት፣ ድግስ በድግስ፣ ለቅሶም በለቅሶ ይመለሳል። ወዳጅ ማለት እንግዲህ የሚወዱት ሰው ብቻ ሳይሆን ተራ የሚጠብቁለትና ተራ የሚጠብቅ ሰው ነው። ይህን ሕግ አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ የአዝማሪው ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነውና።

2. አዝማሪው በዚህ ሥርዐት ውስጥ ያለው ቦታ

አዝማሪ የሚለው ቃል «ዘመረ» ከሚለው ከግእዙ ግሥ የወጣ ነው። መሣሪያው ማሲንቆ አራት ማዕዘን ባለው፣ በቆዳ በተለበጠ ሣጥን ላይ ከፈረስ ጭራ በተሠራ በአንድ ጅማት ይሰማል፤ ጭራ የተወጠረበት ደጋንም ድምፅ እንዲሰጥ ዕጣን ይታሻል። በዚህች በአንዲት ጅማት ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን፣ 4ቱን ቅኝቶች ይጫወታል። ንጋት ሳይቀድ በየደጁ እየዞሩ ከሚያንጐራጕሩት ከላሊበሎች ጋር መምታታት የለበትም፤ እነዚያ ሌላ ወገን፣ ሌላ ልማድ አላቸው።

አዝማሪ በገጠር በብዛት የሚታየው በሠርግ ወራት ነው። አዝመራው ገብቶ፣ ጐተራው ሞልቶ፣ ሁዳዴ ሳይገባ ባሉት ሳምንታትና ከፋሲካ በኋላ ዳሱ ሲጣል አዝማሪው ይደርሳል። ሙሽራውን፣ ሚዜዎቹንና የድግሱን ባለቤት እየጠራ ያወድሳል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይሸለማል። በማግስቱ ግን መንገዱን ይቀጥላል። እንግዲህ የሰጠው ነገር ውዳሴ፣ የተቀበለውም ገንዘብና ምግብ ነው፤ ሂሳቡ በዚያው ሌሊት ይዘጋል። ገበሬው ለአዝማሪው መልሶ የሚያወድስበት ተራ የለውም፤ አዝማሪውም የገበሬውን ማሳ ሊያርም ተራ አልያዘም። በዳሱ መካከል የሁሉ ወዳጅ የሆነው ሰው በወንፈሉ ቈጠራ ውስጥ አይገኝም።

በዚህ ላይ አንደበቱ ይፈራል። ሕዝቡ የዘመኑን ነገር ለመመርመር ሲፈልግ «አዝማሪ ምን አለ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ውዳሴ የሚመስለው ቃል በውስጡ ወቀሳ ሊይዝ እንደሚችል ያውቃልና። ይህ ሥልጣን ምን ያህል ከባድ እንደ ነበር የሚመሰክር መራር ታሪክ አለን። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ የፋሺስቱ አስተዳደር በየአገሩ የሚዞሩትን አዝማሪዎች ከጠንቋዮችና ከትንቢት ተናጋሪዎች ጋር እያስያዘ አስገድሏል። ማሲንቆ የያዘ ሰው ጦር ከያዘ ሰው ተቈጥሮ ነበር ማለት ነው።

የሚፈሩትን ሰው ደግሞ ይጋብዙታል እንጂ አይዛመዱትም። በሠርጉ ከሙሽራው አጠገብ የሚያስቀምጠው ባለ ርስት ልጁን ለአዝማሪ ለመዳር ያመነታ ነበር፤ ስለዚህም አዝማሪዎች በአብዛኛው እርስ በርሳቸው ሲጋቡ ኖረዋል። አበልጅነቱም፣ ሚዜነቱም ከዚያው ከወገናቸው ሳይወጣ ይቀራል።

3. በከተማ፦ የአዝማሪ ቤት ሌሊትና ቀን

በአዲስ አበባ አዝማሪ ከጠጅ ቤት ጋር የተያያዘ የቆየ ታሪክ አለው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የሌሊቱን ጨዋታ አሳጥሮት ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ እገዳው ሲነሣ አዝማሪ ቤት በዛሬው መልኩ ተስፋፋ፤ በተለይ ካዛንቺስ የታወቀች ሆነች። በተወዛዋዡ በመላኩ በላይ አማካይነት በውጭ አገር ሳይቀር ስሙ የተሰማው ፈንድቃም የወጣው ከዚሁ ሰፈር ነው። ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከወሎ የሚመጡ ወጣቶች የገጠሩን ሠርግ ትተው፣ ወይም በሠርግ ወራት ብቻ እየተመለሱበት፣ በእነዚህ ቤቶች ተቀጠሩ።

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ ከቡሬ አካባቢ የመጣች አንዲት ድምፃዊት በሐሳባችን እንውሰድ። ሥራዋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ይጀምርና እስከ ሌሊቱ 8 እና 9 ሰዓት ይቈያል። ቤቱ ጠባብ ነው፤ እንግዶች በዱካና በመደብ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ፤ ማሲንቆ መቺው ከኋላዋ ይከተላል። በየእንግዳው ፊት ቆማ ስሙን፣ አገሩን፣ ከማን ጋር እንደ መጣ ትጠይቃለች፤ ወዲያው በግጥም ትመልስለታለች። እንግዳውም «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ግጥም ለማሲንቆ መቺው ይሰጣል፤ እርሱም ተቀብሎ ያዜመዋል። ደስ ያለው ብር ከግንባሯ ላይ ይለጥፋል። ቋሚ ደመወዙ አነስተኛ ስለ ሆነ ኑሮዋ በዚህ ሽልማት ላይ ያረፈ ነው።

እንግዶቿን የምትጠራበትን ቃል ልብ ብለን ብናዳምጥ ትልቅ ነገር እናገኛለን። አንዱ «ጋሼ» ነው፤ ሌላዪቱ «እትዬ» ናት፤ እኩያዋ «ወንድምዓለም» ይባላል። እነዚህ የዝምድና ስሞች ናቸው። አዝማሪዋ በሌሊቱ ርዝመት ልክ ዘመድ ትፈጥራለች፤ ጧት ግን ያ ዝምድና ከእንግዳው ጋር ወጥቶ ይሄዳል። ይህን ሐሰት ነው ማለት አይገባም። ሁለቱም ወገን ልኩን ያውቁታል፤ እንግዳው የተወደሰበትን፣ እርሷም የተሸለመችበትን ይዘው በሰላም ይለያያሉ። ሆኖም በታመመች ጊዜ የምትጠራው ሰው ከእነዚህ «ወንድሞች» መካከል እምብዛም አይገኝም።

ቀኗ ሌላ ነው። እስከ ረፋድ ትተኛለች፤ ቀትር ላይ አብረዋት ቤት ከተከራዩት ባልንጀሮቿ ጋር ቡና ይፈላል። በዚያ ቡና ላይ የሌሊቱ ነገር ሁሉ ይነሣል፦ ማን ሸለመ፣ ማን ሰክሮ አስቸገረ፣ የማን ድምፅ ታፈነ። የዕቁቡ ገንዘብ እዚያው ይሰበሰባል፤ ለአገር ቤት የሚላከውም እዚያው ይቈጠራል። ሁዳዴ ሲገባ ገበያው ይቀዘቅዛል፤ ያን ጊዜ የቀኑ ቡና የሌሊቱን ሽልማት ተክቶ ኑሮ የሚደገፍበት ይሆናል።

4. በውዳሴ መካከል እውነት የሚነገርበት ቋንቋ

አዝማሪዎች ከሌላው ሰው ተሰውረው የሚነጋገሩበት ቋንቋ እንዳላቸው በጥናት የታወቀ ነው። ቮልፍ ሌስላው በ1952 እ.ኤ.አ. ይህን የአዝማሪዎች ቋንቋ የሚመለከት ጽሑፍ አሳትመዋል፤ በ1964 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስለ ኢትዮጵያ የምስጢር ቋንቋዎች በሚናገረው መጽሐፋቸውም ነገሩን አስፋፍተውታል። ሰዋስዉ የአማርኛ ነው፤ የሚለወጡት ቃላቱ ናቸው፤ ሥራቸው ተቀይሮ፣ ፊደል ተጨምሮባቸው ለውጭ ጆሮ እንዳይገቡ ይደረጋሉ።

ይህ ቋንቋ ብዙ ጊዜ የሚተረጐመው የእንግዳን ኪስ ለመገመት የሚያገለግል የሙያ ብልሃት ተብሎ ነው። ይህ ትርጓሜ ትክክል ቢሆንም ጐደሎ ይመስለናል። አዝማሪ በእንግዳ ፊት በአማርኛ የሚናገረው የሥራውን ቃል ነው፤ ሰውን ማስከፋት ሥራውን ያሳጣዋልና። ድካሙን፣ ፍርሃቱን፣ «ከዚህ ሰው ተጠንቀቂ» የሚለውን ምክር የሚናገረው በዚያ በተሰወረው ቋንቋ ነው። ስለዚህ በአዝማሪ ዘንድ የወዳጅ መለያው የማያወድሱት ሰው መሆኑ ነው። ለእንግዳ ውዳሴ ይሰጣል፤ ለባልንጀራ ግን እውነት ይነገራል። የምስጢሩ ቋንቋ ከሌላው የሚለይ አጥር ብቻ ሳይሆን የወዳጆች ቤት ነው።

5. ወንፈል በከተማ

አሁን ወደ መጀመሪያው ሕግ እንመለስ። በገጠር ከወንፈል ውጭ የቀረው አዝማሪ በከተማ የራሱን ወንፈል ያቆማል። ማሲንቆ መቺው ሲታመም ጓደኛው ስለ እርሱ ይጫወታል፤ የድርሻውንም ሽልማት ያመጣለታል። ድምፃዊቷ ስትወልድ ሌላዪቱ በቦታዋ ትቆማለች፤ ቦታውን ግን አትወርስባትም። ነገ ተራው ሲደርስ ይኸው ይመለሳል። ዕቁቡ፣ ዕድሩ፣ አዲስ መጤውን የአገር ልጅ ተቀብሎ ማሳደሩ ሁሉ ሌሊት በሌሊት የሚመለስ ወንፈል ነው። ገበሬው ቀኑን እንደሚያበድር አዝማሪው ሌሊቱን ያበድራል።

ሆኖም የገጠሩ ወንፈል በመሬት ላይ እንደ ቆመ የከተማውም በሰፈር ላይ የቆመ ነው። ጓደኛ በቦታህ እንዲቆም በእግር ተጉዞ የሚደርስ መሆን አለበት፤ ሌሊት በ9 ሰዓት አብሮህ ወደ ቤት የሚመለስ ጎረቤት መሆን አለበት። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ብዙ ክፍል ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ የተነሣው ቤት ብቻ አልነበረም፤ በመቀራረብ ላይ የቆመ ኑሮም አብሮ ተነሣ። ነዋሪው ወደ ከተማዪቱ ዳርቻ ሲበተን በአንድ ሰፈር ይጠጣ የነበረው ቡና በአውቶቡስ የሚሄዱበት ሆነ። በሌላው ወገን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት የጎጃም መንገድ በየጊዜው ተቋርጧል፤ በሠርግ ወራት ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ የሚደረገው ጉዞም አስጊ ሆኗል። አዝማሪው ከሁለቱም ወዳጅነቶች፣ ከአገር ቤቱም ከሰፈሩም፣ በአንድ ዘመን ተፈተነ።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ለጥናታችን ዘዴም ይጠቅማል። የአዝማሪን ዜማ በመቅረጫ ማስቀረት የተመሰገነ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ሙያው የሚኖረው በዜማው ብቻ አይደለም። ዜማው ከሌሊት ወደ ሌሊት የሚሻገረው ሰው በሰው ቦታ ሲቆም ነው። ስለዚህ ወደ አዝማሪ ቤት የሚሄድ ተማሪ በመሸ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በቀትርም፣ ቡናው ሲፈላ፣ እንዲሄድ እንመክራለን። በሌሊት የሚሰማው ለእርሱ የተባለውን ነው፤ በቀትር ግን፣ ወዳጅ አድርገው ከተቀበሉት፣ ሳያወድሱት ያነጋግሩታል።